ከአሮጌ ሞተር የትኛው ይቀየራል? የአሰላ ጉዞ ማስታወሻ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ግን መንገደኛው ሙቀቱን ትቶ ደጋ ይገባል። አዳማን ሲለቁ ግራሩና አቧራው ይከተላሉ። መልካሳ አጠገብ አዋሽን ይሻገራሉ፤ ከዴራ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይያያዘዋል። ኢተያ ሲደርሱ የተሳፋሪው ሁሉ እጅ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ጎንዴንና የቁሉምሳን የስንዴ ምርምር ማሳዎች አልፈው አሰላ ሲገቡ፣ የጭላሎ ተራራ በስተምሥራቅ ደመና ተከናንቦ ይታያል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ብዙ ሰው አካባቢውን የሚያውቀው በሯጮቹ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ የእነ ደራርቱ ቱሉ፣ የእነ ቀነኒሳ በቀለና የእነ ጥሩነሽ ዲባባ በቆጂ አለች። እኔን በመጋቢት ወር ወደዚያ የወሰደኝ ግን የታናሽ ወንድሜ ትራክተር ነው።

ወንድሜ የሚኖረው ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ሳጉሬ አካባቢ ነው። ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን 165 ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀለሙ ከቀይነት ወደ ዝገት የሄደ፣ አራት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር ያለው። ከራሱ ማሳ ይልቅ የጎረቤት ማሳ ሲያርስ የሚውልበት ቀን ይበዛል። የቤቱ ገቢ እርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ማጨስ ጀመረ፣ ዘይት መጠጣት ጀመረ፣ ዳገት ላይ አቅም አጣ። ለክረምቱ እርሻ ቀብድ የሰጡ ሰባት አባወራዎች አሉ። በሌላ በኩል የወንድሜ ሚስት ቁብ ደርሷት ገንዘቡን ያስቀመጠችው በመስከረም ኮሌጅ ለምትገባው ልጃቸው ነው። ሞተሩ ካልተሠራ ቀብዱ ይመለሳል፤ ሞተሩ ቁቡን ሁሉ ከበላው ደግሞ ልጅቷ አንድ ዓመት ቤት ትቀመጣለች።

ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። አንዱ መካኒክ «ፋሻ ብቻ ቀይርና አሥራው» አለው። አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ «በዚህ ዕድሜው ሁሉንም ነገር ካልቀየርክ ዋጋ የለውም» ብሎ ረጅም ዝርዝር ጻፈለት። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሞተር እንዲገዛ መከረው። ወንድሜ ግራ ሲገባው ደወለልኝ። «እትዬ፣ አንቺ ረጋ ብለሽ ታዳምጫለሽ። ነይና አብረን እንወስን» አለኝ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር አልነበረም። ዕድሜዬን በነርስነት ነው ያሳለፍኩት። ነገር ግን ሦስት ሰው አይቶ ሦስት የተለያየ መድኃኒት ሲያዝ፣ አንዳቸውም በትክክል ሳይመረምሩ እንዳዘዙ መጠርጠር ከሙያዬ ያገኘሁት ልማድ ነው።

ትራክተርና አርሲ

በአርሲ ትራክተር እንደ ማንኛውም ማሽን አይታይም። ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ትዝታ አለው።

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ በአጭሩ «ካዱ» ይባላል። መቀመጫው አሰላ ነበር። ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ የተዳቀለች የወተት ላም፣ በብድር የሚገኝ የእርሻ መሣሪያ፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ ድርጅት በኩል ለአካባቢው ገበሬ ደረሱ። የቁሉምሳ ምርምርም መነሻው ከዚያ ዘመን ነው።

ሌላው ትዝታ መራራ ነው። ስንዴ ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር ገዙ። ማሽኑ ሲገባ ጢሰኛው አላስፈለገም፤ ብዙ ቤተሰብ ከኖረበት መሬት ተነቀለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚሆንበት አዋጅ ሲታወጅ፣ በዚህ አካባቢ የነበረው ስሜት ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ከዚያ በኋላ የመንግሥት እርሻዎች ትልልቅ ማሽኖችን ይዘው መጡ፤ ናዝሬት ላይ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ቆመ፤ «ቤላሩስ» የሚለው ስም የገጠር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሆነ።

ዛሬ በአርሲ ሜዳ ላይ ትራክተር መከራየት፣ በመኸር ኮምባይነር ተራ መጠበቅ የተለመደ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው ያፈናቀለ ማሽን ዛሬ የአንድ መካከለኛ ገበሬ ቤተሰብ ማሳደሪያ ሆኗል። አሰላም ይህን ሁሉ ዘመን የሚጠግኑ እጆች አፍርታለች።

ጋራዡ

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሙያውን በወጣትነታቸው የእርሻ መሣሪያ ወርክሾፕ ውስጥ እንደተማሩ ነገሩኝ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እርሳቸው ደግሞ ነርስ መሆኔን ሲሰሙ «ሲስተር» አሉኝ፤ እስክንለያይ ስሜን አልጠየቁም።

ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ወንድሜን አስቀምጠው ጠየቁት። በስንት ሰዓት ሥራ ስንት ሊትር ዘይት ይጨምራል? ጠዋት ሲነሳ ያስቸግራል ወይስ ሞቆ ሲቆም? የዘይት ግፊቱ ቀዝቃዛ ሳለ ስንት ያሳያል፣ ሲሞቅስ? ውሃ ይጎድላል? ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ቡና መስሎ ያውቃል? ከዚያም አስነሡትና ጭሱን ዝም ብለው አዩት።

ጭስ ሦስት ቋንቋ አለው አሉ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት ነው። የወንድሜ ትራክተር ሰማያዊ ያጨሳል። በሞተሩ መተንፈሻ በኩልም ጭስ በየምቱ ቱፍ ቱፍ ይላል፤ ከፒስተኑ በላይ መቅረት ያለበት ጋዝ በፋሻው አምልጦ ወደ ታች እየወረደ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የእመቃ ኃይል በሰዓት መሰል መለኪያ ለኩ። ረዳታቸው ወጣት ቁጥሩን መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር አስተያይቶ «አራቱም ወድቀዋል» አለ። ጋሼ ሳቁ። «መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። አሰላ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ስስ ነው። እርስ በርሳቸው አወዳድራቸው» አሉት። ሲወዳደሩ ሦስቱ ይቀራረባሉ፤ አራተኛው ብቻውን ዝቅ ብሏል።

ይህን ስሰማ ሰውዬው ልቤን ገዙት። እኛም የደጋ ሰው የሂሞግሎቢን መጠን ስናነብ ከፍታውን አስበን ነው። ቆላ ላይ በቂ የሚባለው ቁጥር ደጋ ላይ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ቁጥር የሚነበበው የተለካበት ቦታ ታውቆ ነው።

ሦስቱ ክምሮች

ሞተሩን ማውረድና መበተን ሁለት ቀን ፈጀ። እያንዳንዱ ዕቃ በናፍጣ እየታጠበ በተነጠፈ ሸራ ላይ በሦስት ክምር ተደረደረ።

የመጀመሪያው ክምር ምንም ሳይለካ የሚጣለው ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮንና ሌሎቹም ጓርኒሲዮኖች፣ የዘይት መከላከያ ጎማዎች፣ ፋሻዎች፣ የውሃ ቱቦዎች፣ የዘይትና የናፍጣ ማጣሪያዎች። አንዴ ተጨፍልቆ ቦታውን የያዘ ጓርኒሲዮን ሁለተኛ አይታሸግም። ክራንክሻፍቱን አቅፈው የሚይዙት ብሮንዚኖችም እዚህ ገቡ። አንዳንዶቹ ገና ደህና ይመስሉ ነበርና ወንድሜ «እነዚህስ ይቆዩ» አለ። ጋሼ እንዲህ አሉት፤ «ዋጋቸው ትንሽ ነው። ያሉበት ቦታ ግን ሩቅ ነው። ነገ አንዱ ቢበላሽ ይህን ሁለት ቀን እንደገና ትከፍላለህ።»

ሁለተኛው ክምር የሚለካው ነው። የሲሊንደሩ ካሚቻዎች፣ ፒስተኖች፣ ክራንክሻፍት፣ ቫልቮችና ማስኬጃቸው፣ የቴስታታው ፊት፣ የዘይት ፓምፑ። ካሚቻ የሚሉት ፒስተኑ የሚመላለስበትን፣ ብሎኩ ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚገባውን የብረት ሸሚዝ ነው፤ ቃሉ ራሱ በጣሊያንኛ ሸሚዝ ማለት ነው። ወጣቶቹ «ላይነር» ይሉታል።

ሦስተኛው ክምር ያለ ምክንያት የማይነካው ነው። ብሎኩ፣ ካምሻፍቱ፣ ቢዬላዎቹ፣ የጊዜ ማስያዣ ጥርሶቹ፣ የናፍጣ ፖምፓው። እነዚህን ዓይተው፣ ዳስሰው፣ በእጅ አዙረው ጉድለት ካላገኙባቸው ይመለሳሉ። የነጋዴው ዝርዝር ላይ ግን ከእነዚህ ግማሾቹ ነበሩ።

ክምሮቹ ውስጥ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። አብረው የኖሩ አይለያዩም። የቢዬላው ክዳን ከራሱ ቢዬላ ጋር በቁጥሩ ይመለሳል፤ ቫልቭ ወደ ነበረበት ቀዳዳ ይመለሳል። ረዳቱ ለዚህ ብሎ ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስቶ ቫልቮቹን በተርታ ሰክቷቸው አየሁ።

መለኪያው የተናገረው

የዚህ ሞተር ሲሊንደር አዲስ ሳለ ስፋቱ 91.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጋሼ የውስጥ መለኪያውን ወደ ካሚቻው ከተው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ለኩ፤ በየደረጃውም ሁለት ጊዜ፣ በቁመትና በወርድ። ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። ፒስተኑ ወደ ጎን ስለሚገፋ ክቡ ቀስ በቀስ ሞላላ ይሆናል፤ ፋሻው የሚመለስበት ላይኛው ጫፍ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይበላል። ታችኛው ጫፍ ፋሻ ስለማይደርስበት የድሮውን ልክ ይዞ ይቆያል፤ ከእርሱ ጋር ማወዳደር ነው።

ሦስቱ ካሚቻዎች ላይኛው ጫፋቸው ከ0.15 እስከ 0.19 ሚሊሜትር ሰፍቷል። አራተኛው 0.26 ሆኗል። ጋሼ ድንበር ብለው የሚይዙት 0.2 ነው። ከእርሱ ካለፈ አዲስ ፋሻ ቢገባም ግድግዳውን አይዘጋም፤ በጥቂት ወር ውስጥ ሰማያዊው ጭስ ይመለሳል። «ፋሻ ብቻ ቀይር» ያለው መካኒክ ምክር እዚህ ላይ ወደቀ።

ታዲያ አራተኛውን ብቻ መቀየር አይበቃም? ወንድሜ የጠየቀው ይህን ነበር፤ ጥያቄው የገንዘብ ስለሆነ ረዘም ብለን ተወያየንበት። ሦስቱ ገና ድንበር አላለፉም፤ ግን ድንበሩ ላይ ቆመዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት እርሻ በኋላ ይሻገራሉ። ያን ጊዜ የመፍቻው ድካም፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የሥራው ማቆም ሁሉ እንደገና ይከፈላል። አንድ አዲስ ፒስተን ከሦስት አሮጌዎች ጋር መግባቱም ክብደቱ ካልተመጣጠነ ለሞተሩ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ አራቱም ካሚቻዎችና ፒስተኖች እንዲቀየሩ ተወሰነ። ከወጪው ትልቁ ይህ ነው።

ክራንክሻፍቱ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጋሼ አሮጌዎቹን ብሮንዚኖች ገልብጠው ጀርባቸውን አሳዩኝ፤ «010» የሚል ቁጥር ተመትቶባቸዋል። ይህ ማለት ክራንክሻፍቱ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በማሽን ተሞርዶ 10 ሺኛ ኢንች፣ ማለትም ሩብ ሚሊሜትር ያህል ቀጥኗል። እንደ ሕመምተኛ ካርድ ነው፤ ማንም ሳይነግርዎ ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና እንደተደረገ ያነባሉ። ነጋዴው «ወደ 20 ይሞረድ» ብሎ ነበር። ጋሼ በማይክሮሜትር ዙሪያውን ለኩት፤ ክቡ አልተዛባም። ጥፍራቸውን ሳቡበት፤ የሚይዝ ጭረት የለም። «ከብረት የተነሳ ብረት አይመለስም» አሉ። «20 እና 30 ለልጅህ ዘመን ይቆዩ።» ክራንክሻፍቱ ተወልውሎ፣ በዚያው በ10 ልክ አዲስ ብሮንዚን ተገዛለት።

ቴስታታው ስንጥቅ እንዳለው ለማየት የተጠቀሙበትን ዘዴ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ላምባ ይቀባሉ፤ ትንሽ ቆይተው በደንብ ይወለውላሉ፤ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰንሳሉ። ስንጥቅ ካለ የገባው ላምባ ወጥቶ ጠመኔውን በመስመር ያረጥበዋል። መስመር አልታየም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድመው ሥሩን በስስ የብረት ቅጠል ፈተሹ፤ ፊቱ አልተጣመመም። ከቫልቮቹ ግን ሁለቱ የጭስ ማውጫ ቫልቮች ጠርዛቸው ተቃጥሏል። እነርሱ ተቀየሩ፤ ሌሎቹ ተስለው ተመለሱ።

የዘይት ፓምፑ ክፍተቱ ተለክቶ በልኩ ሆነ፤ ተመለሰ። የናፍጣ ፖምፓው በጋራዡ የሚከፈት አይደለም፤ አዳማ ተልኮ በመፈተኛ ማሽን ላይ ተሞክሮ የሚያፈስ ጎማው ብቻ ተቀየረ። የኢንጄክተሮቹ ኖዝሎች የሚረጩት ናፍጣ እንደ ጉም መሆኑ ቀርቶ ይንጠባጠብ ስለነበር አራቱም ተቀየሩ።

ቴርሞስታቱን የፈተነችው የወንድሜ ሚስት ናት። በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥላ፣ የእኔን ቴርሞሜትር ከጎኑ አድርጋ፣ ምድጃ ላይ ጣደችው። በተጻፈበት ዲግሪ ሲከፈት አየነው፤ ስለዚህ ተመለሰ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልብ አልኩ። በአሰላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው፤ የደጋ ራዲያተርም ቶሎ የሚፈላው ለዚሁ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ያካክሳል። የወንድሜ ትራክተር ክዳን ጎማው ደርቆ ግፊት መያዝ አቁሞ ነበር። ከሁሉ ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ተቀየረ።

«ምን ገደለው?»

ዝርዝሩ አልቆ ወንድሜ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል ጋሼ «ቆይ» አሉት። «የሚቀየረውን አወቅን። ምን እንደገደለው ግን አላወቅንም።»

በሆስፒታል ሳለሁ ከሐኪሞቻችን ጎበዝ የምንላቸው ይህን ጥያቄ የማይረሱት ነበሩ። ልጁን ከተቅማጥ አድነው ሲያሰናብቱ እናቲቱን «ውሃ ከየት ነው የምትቀጂው?» ብለው ይጠይቃሉ። ካልጠየቁ ልጁ በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

የላይኛው ፋሻ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለቷል፤ የካሚቻው መብላት ከላይ በርትቷል። ይህ በጋሼ ዓይን የአቧራ ምልክት ነው። ወደ አየር ማጣሪያው ሄዱ። የዚህ ትራክተር ማጣሪያ ከሥሩ የዘይት ሳህን አለው፤ አየሩ በዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራው እዚያ ይቀራል። የሳህኑ ዘይት ጭቃ ሆኗል። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ጣታቸውን ሰደዱ። እዚያ ንጹሕ መሆን ነበረበት፤ ጣታቸው ግን ቡናማ ዱቄት ለብሶ ወጣ። ቱቦውን ነቅለው ሲያጥፉት ከማሰሪያው ሥር፣ ቆሞ ለሚያየው የማይታይ ቦታ ላይ፣ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል።

ታሪኩ ግልጽ ሆነ። ወንድሜ በበጋ ወደ ኢተያና ወደ ዴራ ወርዶ በኪራይ ያርሳል። የዚያ ሜዳ አቧራ በስንጥቁ በኩል ሳይጣራ ወደ ሞተሩ ሲገባ ከርሟል። አራት ካሚቻ፣ አራት ፒስተንና የአንድ ቤተሰብ የቁብ ገንዘብ ለአደጋ የተጋለጠው በአንድ የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው ሳይቀየር ሞተሩ በሙሉ ቢታደስ ኖሮ አዲሱም ዕቃ በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር። የነጋዴው ረጅም ዝርዝር ላይ ይህ ቱቦ አልነበረም። ያገለገለ ሞተር ቢገዛም እዚያው ቱቦ ላይ ነበር የሚገጠመው።

አዲስ የተባለውም ይለካል

ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣ። ካርቶኑ ያምራል፣ ማኅተሙም የታወቀ ስም ነው። ጋሼ ግን አሮጌውን እንደለኩት አዲሱንም ለኩት። ከአራቱ ፒስተኖች አንዱ ከወንድሞቹ በልኩም በክብደቱም ይለያል። ፋሻውን ከነፒስተኑ ሳይሆን ብቻውን ካሚቻው ውስጥ አስገብተው፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ ብረት ፈተሹ፤ እርሱ ደህና ነው። ፒስተኑ ተመልሶ ተላከ። ሻጩ መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ የተለካው ቁጥር ተጽፎ ሲቀርብለት ቀየረ።

የፋብሪካው አሮጌ ብረት በልኩ እስካለ ድረስ ምንነቱ ካልታወቀ አዲስ ይሻላል የሚሉት ጋሼ ለዚህ ነው። ካምሻፍቱና ጥርሶቹ ሃምሳ ዓመት ተፈትነው ያለፉ ናቸው። አዲሱ ገና አልተፈተነም።

ካሚቻዎቹ በመጫኛ ማሽን ወጥተው አዲሶቹ ገቡ፤ ከገቡም በኋላ እንደገና ተለኩ፤ ሲጠቀጠቁ ሊጠቡ ይችላሉና። ቴስታታው በቅደም ተከተል፣ በመለኪያ ቁልፍ፣ ደረጃ በደረጃ ታሰረ። በዘጠነኛው ቀን ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ትንሽ አጨሰ፣ ከዚያ ጠራ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ብዙ ቆዩ።

ወንድሜ «እንግዲህ ሳምንት ያህል ቀስ ብዬ ላሙቀው» ሲል ከለከሉት። አዲስ ፋሻ ካሚቻውን የሚላመደው በሥራ ነው። ናፍጣ ሞተር ያለ ሸክም ለረጅም ሰዓት ቆሞ ቢጮህ የካሚቻው ፊት እንደ መስታወት ይለሰልስና ፋሻው ሳይይዝ ይቀራል። ከመጀመሪያው ቀን መካከለኛ ሸክም ይሰጠው፤ አይጨነቅ፣ ግን አይቀመጥ። ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ ዘይቱ ይቀየር፣ ቴስታታው እንደገና ይጠበቅ። ከቀዶ ጥገና የወጣን ሰው በማግስቱ «ተነስ፣ ጥቂት ተራመድ» ስንለው የሚያጉረመርመው ትዝ አለኝና ሳቅሁ።

ሂሳቡ

ሁሉም ተደምሮ ከቁቡ ገንዘብ ግማሽ አልሞላም። የነጋዴው ዝርዝር ቢገዛ ኖሮ ቁቡ አልቆ ብድር ይጨመርበት ነበር። የልጅቷ ገንዘብ አልተነካም፤ እናቷ ወዲያው ወስዳ በልጅቷ ስም ባንክ አስገባችው።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ቦታ አሮጌ መኪና፣ የውሃ ፓምፕ ወይም ወፍጮ ያላችሁ አንባቢያን ብዙ ናችሁ። መካኒኩ «ይህ ይቀየር» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። ስንት ለካህ፣ ድንበሩስ ስንት ነው? ዛሬ ባይቀየር፣ ነገ እዚያ ቦታ ለመድረስ ስንት ይፈጃል? ይህን ዕቃ ያበላሸው ምንድን ነው? ለሦስቱም መልስ ያለው ሰው ካገኛችሁ በእርሱ እመኑ። ጊዜ ካላችሁም አጠገቡ ቁሙ። ጋሼ አንዲትም ቁጥር አልደበቁንም፤ ረዳታቸውም ከእኛ ጋር እኩል ሲማር ነበር።

ሰኔ ላይ ወንድሜ ደውሎ ቀብድ ከሰጡት ሰባት ማሳዎች አምስቱን እንደጨረሰ ነገረኝ። ስልኩን የተቀበለችው ሚስቱ ናት። ጋሼ የለኩትን ቁጥር ሁሉ በአንድ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጣዋለች። ከዚያ በታች በየዕለቱ የሠራበትን ሰዓትና የተጨመረውን ዘይት ትጽፋለች። «የአየር ማጣሪያውን ሳህንስ?» አልኳት። «እርሱማ በእኔ እጅ ነው» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው አጥበዋለሁ፤ ቱቦውንም በእጄ ዳስሼ ነው የምለቀው።»